የማይተው ልማድ እንዴት ይያዛል? ራስን ለማሳደግ ደረጃ በደረጃ መመሪያ

አብዛኛው ሰው ራሱን ለመለወጥ ሲነሳ ሁሉንም ነገር በአንድ ቀን ይጀምራል። ከሰኞ ጀምሮ በጊዜ እተኛለሁ፣ ስፖርት እሠራለሁ፣ በየቀኑ አነባለሁ፣ ስልክ እቀንሳለሁ፣ ከሰው ጋር አልጨቃጨቅም ይላል። የመጀመሪያው ሳምንት ደህና ይሄዳል። በሁለተኛው ሥራ ይደራረባል፣ ወይ ጉንፋን ይጥላል፣ ወይ ልጅ ይታመማል። አንዱ ሲቀር ሌላው ይከተላል። መጨረሻ ላይ «እኔ እኮ ድሮም ጀምሬ መተው ነው» የሚል ቅሬታ ብቻ ይቀራል።

ይህ ቅሬታ ሰውን ይጎዳል፤ እውነትም አይደለም። ልማድ የሚያዘው አንድ ትንሽ ነገር በአንድ ቋሚ ጊዜ ሲደጋገም እንጂ በወኔ ብዛት አይደለም። ከዚህ በታች ያለው አካሄድ ይህንኑ የሚያሳይ ነው። ቸኩላችሁ አትዝለሉ። በተለይ አራተኛውንና ሰባተኛውን ደረጃ ረጋ ብላችሁ አንብቡ፤ ሰው በብዛት የሚሰናከለው እዚያ ላይ ነው።

ደረጃ 1፦ አንድ ሳምንት ራሳችሁን ታዘቡ

ምንም ሳትለውጡ ጀምሩ። ትንሽ ማስታወሻ ደብተር ያዙ። በቀን ሦስት ጊዜ፣ ቀትር ላይ፣ ሲመሽና ከመኝታ በፊት፣ ምን ስታደርጉ እንደቆያችሁና ምን እንደተሰማችሁ በሁለት መስመር ጻፉ። «ስልክ ከፍቼ 40 ደቂቃ ሄደ፤ ስነሳ ደክሞኛል።» «ከእህቴ ጋር ተደዋወልን፤ ቀለል አለኝ።» ይህ ይበቃል።

ቀናችን የምናስበውን ያህል በውሳኔ የሚመራ አይደለም። ዌንዲ ዉድ የተባሉት የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ ተሳታፊዎች የሚያደርጉትን ነገር በየሰዓቱ ይመዘግቡ ነበር። ከተመዘገቡት ድርጊቶች 43 በመቶ ያህሉ በየቀኑ ማለት ይቻላል፣ በዚያው ቦታ የሚደጋገሙ ሆነው ተገኙ። ሰዎቹም ብዙውን ጊዜ እጃቸው እየሠራ ሐሳባቸው ሌላ ቦታ ነበር። ሳናስበው የምናደርገውን ነገር ካልጻፍነው አናየውም።

በሳምንቱ መጨረሻ ቁጭ ብላችሁ ደብተሩን አንብቡት። ሁልጊዜ ጉልበታችሁን የሚበላው ሰዓት የቱ እንደሆነ ፈልጉ። ከዚያ ደግሞ በየቀኑ ሳይዛነፍ የምታደርጉትን ነገር ፈልጉ፦ ጥርስ መቦረሽ፣ በር መቆለፍ፣ ሻይ ማፍላት፣ ልጅ ማስተኛት። በነዚህ ላይ ምልክት አድርጉባቸው። በኋላ በጣም ያስፈልጓችኋል።

ደረጃ 2፦ አንድ ብቻ ምረጡ

መግቢያው ላይ ያነሳኋቸውን አምስቱንም አንድ ላይ መያዝ እንደሚያጓጓ አውቃለሁ። ግን ምረጡ። የቱን ለሚለው የራሴ አስተያየት ይኸውና።

እንቅልፋችሁ የተበላሸ ከሆነ ምርጫው አልቋል፤ ከዚያ ጀምሩ። እንቅልፍ ያጣ ሰው ትዕግሥቱ ያጥራል፣ ያነበበው አይያዝለትም፣ ትንሹ ነገር ትልቅ ይሆንበታል። ሌላውን ሁሉ ልማድ የሚሸከመው እሱ ነው። ለአዋቂ ሰው ባለሙያዎች የሚመክሩት በሌሊት ቢያንስ 7 ሰዓት መተኛትን ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚታገሉት ከመኝታ ሰዓት ጋር ነው። እንቅልፍ ግን በትእዛዝ አይመጣም። በእጃችሁ ያለው የምትነሱበት ሰዓት ነው። ቅዳሜና እሑድን ጨምሮ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ተነሱ። እንደተነሳችሁ መጋረጃ ግለጡ፤ ከተቻለም ውጭ ውጡ። ሰውነታችን ውስጥ ያለው ሰዓት በዋናነት የሚስተካከለው በብርሃን ነው። ጠዋት ያገኛችሁት ብርሃን ማታ እንቅልፉ በጊዜው እንዲመጣ ያግዛል። ቡና የምትወዱም ሰዓቱን ተመልከቱ። ሰውነታችን ውስጥ የገባ ካፌይን በግማሽ ለመቀነስ 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ ከሰው ሰው ደግሞ ብዙ ይለያያል። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ የጠጣችሁት፣ ማታ 3 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና አልወጣም ማለት ነው።

ጋደም ሲሉ «ነገ ይህ አለብኝ፣ ያኛውን ረስቼዋለሁ» እያሉ ለሚገላበጡ ደግሞ የተፈተነ ዘዴ አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የማይክል ስከሊንና የባልደረቦቻቸው ጥናት ነው። ግማሾቹ ተሳታፊዎች ከመኝታ በፊት ለ5 ደቂቃ የሚጠብቃቸውን ሥራ ዘርዝረው ጻፉ፤ ግማሾቹ ደግሞ የጨረሱትን። የሚጠብቃቸውን የጻፉት ቶሎ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ዝርዝሩ በረዘመ ቁጥር ደግሞ የበለጠ ቶሎ ተኙ። ስለዚህ «ነገ ሥራ አለ» ብላችሁ አትተዉት። «ጠዋት ሪፖርቱን መላክ፤ ለሐኪም ቀጠሮ መደወል፤ የልጁን ደብተር መፈረም» ብላችሁ አንድ በአንድ አስቀምጡት።

እንቅልፋችሁ ደህና ከሆነ፣ ቀጥሎ የምመክረው ከሰው ጋር ያላችሁን ግንኙነት ነው። ራስን ማሳደግ ሲባል ብዙ ሰው ብቻውን የሚሠራው ነገር አድርጎ ያስባል። ማስረጃው ግን ወደ ሌላ ያመለክታል። ጁሊያን ሆልት ላንስታድ እና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2010 በ148 ጥናቶች ውስጥ ያሉ ከ300,000 በላይ ሰዎችን መረጃ አንድ ላይ አድርገው መረመሩ። ጠንካራ ማኅበራዊ ግንኙነት ያላቸው ሰዎች፣ ጥናቶቹ በተከታተሏቸው ጊዜ ውስጥ በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው ከሌሎቹ በ50 በመቶ ይበልጥ ነበር። ከ1938 ጀምሮ ሰዎችን በሕይወት ዘመናቸው ሁሉ ሲከታተል የኖረው የሃርቫርድ ጥናትም ደጋግሞ የሚያገኘው ይህንኑ ነው፤ በእርጅና ጤናና ደስታ ላይ ከፍተኛ ድርሻ ያለው የቅርብ ሰው መኖሩ ነው።

ልማዱ ቀላል ነው። በሳምንት በተወሰነ ቀን አንድ ሰው መደወል። ስትደውሉ ግን «እንዴት ነህ፣ ደህና ነኝ» ብቻ ተባብላችሁ አትዝጉ። ባለፈው ከነገራችሁ ነገር አንዱን አንሱ። «የእናትህ ጉልበት እንዴት ሆነ? ሐኪሙ ምን አለ?» ብሎ መጠየቅ፣ ሰውየው ስልኩን ከዘጋ በኋላም አብሮት ይውላል። ከዚያ ዝም ብላችሁ ስሙ። ምክር ካልጠየቃችሁ አትምከሩ።

እንቅስቃሴን የመረጠ ሰው መለኪያውን ይወቅ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 መመሪያው ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ፈጠን ያለ እርምጃ ይቆጠራል። ዝቅተኛውን ለሰባት ቀን ብታካፍሉት በቀን 22 ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ደስ የሚለው ደግሞ ድሮ እንደሚባለው ቢያንስ 10 ደቂቃ የተያያዘ መሆን የለበትም። ደረጃ መውጣቱም፣ ታክሲ ሳይዙ መሄዱም ይደመራል።

ደስ ያላችሁን ነገር መጻፍም ጥሩ ምርጫ ነው። ሮበርት ኤመንስና ማይክል ማክላው እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ በየሳምንቱ የሚያመሰግኑባቸውን ነገሮች የጻፉ ሰዎች፣ የሚያናድዷቸውን ከጻፉት ይልቅ ስለ ሕይወታቸው የተሻለ ስሜት ነበራቸው። በሳምንት አንዴ በቂ ነው። ግን «ለቤተሰቤ» ብሎ በጅምላ መጻፍ ቶሎ ይሰለቻል። «ማክሰኞ ዝናብ ሲዘንብ ጎረቤቴ ልብሴን አስገባችልኝ» ብላችሁ ጻፉት።

ደረጃ 3፦ አሳንሱት

የመረጣችሁትን ልማድ፣ ደክሟችሁና ተናዳችሁ ቤት በገባችሁበት ቀን እንኳ ልታደርጉት እስክትችሉ ድረስ አሳንሱት። ማንበብ ከሆነ ሁለት ገጽ። እርምጃ ከሆነ ጫማ አድርጎ እስከ መንገዱ ጥግ ሄዶ መመለስ። መደወል ከሆነ አምስት ደቂቃ።

«ሁለት ገጽ ምን ይጠቅማል?» ትሉ ይሆናል። በዚህ ወቅት የምትገነቡት እውቀቱን አይደለም፤ መቀመጡን ነው። ሲመቻችሁ ሃያ ገጽ አንብቡ፤ ማንም አይከለክላችሁም። ግዴታው ግን ሁለት ሆኖ ይቆይ። በሞቅታ ወደ ሃያ ካሳደጋችሁት በደከማችሁ ቀን ጨርሶ ትተዉታላችሁ።

ደረጃ 4፦ ከማይዛነፍ ነገር ጋር እሰሩት

የዚህ መመሪያ ልቡ ይህ ነው። «ጊዜ ሳገኝ አነባለሁ» የሚል ሰው አያነብም። ጊዜ ተፈልጎ አይገኝም። ልማዱ ግልጽ የሆነ መነሻ ያስፈልገዋል፤ «ይህ ሲሆን፣ ያንን አደርጋለሁ» ተብሎ።

ይህን በደንብ የሚያሳይ አንድ ሙከራ አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ሲሆን፣ የሠሩት ሣራ ሚልን፣ ሺና ኦርቤልና ፓስካል ሺራን ናቸው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን በሦስት ቡድን ከፈሏቸው። የመጀመሪያዎቹ ምንም ልዩ ነገር አልተደረገላቸውም። ሁለተኛዎቹ ስፖርት ለልብ ያለውን ጥቅም የሚያስረዳ ጽሑፍ አነበቡ። ሦስተኛዎቹ ያንኑ አንብበው፣ በሚቀጥለው ሳምንት በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓትና የት ስፖርት እንደሚሠሩ በጽሑፍ አሰፈሩ። ውጤቱ ይህን ይመስላል፦ ከመጀመሪያዎቹ 38 በመቶ፣ ከሁለተኛዎቹ 35 በመቶ፣ ከሦስተኛዎቹ 91 በመቶ ስፖርቱን ሠሩ።

እስቲ ሁለተኛውን ቡድን ልብ በሉት። ጥቅሙ ተነግሯቸዋል፣ ተነሳስተዋልም። ከማንበባቸው ግን ጠብ ያለ ነገር የለም። ልዩነቱን ያመጣው ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን መጻፋቸው ነው። አነቃቂ ንግግር ስናዳምጥ ውለን ማታ ምንም ሳንሠራ የምንተኛው ለዚህ ነው። ፒተር ጎልዊትዘርና ሺራን እ.ኤ.አ. በ2006 እንዲህ ያለውን እቅድ የፈተሹ 94 ሙከራዎችን ሰብስበው ሲመለከቱም ጥቅሙ ጎልቶ ወጥቷል።

አሁን የአንደኛውን ደረጃ ደብተር አውጡ። ምልክት ካደረጋችሁባቸው የማይዛነፉ ነገሮች አንዱን ምረጡና አረፍተ ነገሩን ጻፉ።

«ማታ የውጭውን በር እንደቆለፍኩ፣ ሶፋው ላይ ቁጭ ብዬ ሁለት ገጽ አነባለሁ።»

«እሑድ ከምሳ በኋላ ሳህን አጥቤ እጄን እንዳደረቅሁ፣ ለወንድሜ እደውላለሁ።»

«ጠዋት ጥርሴን ቦርሼ ብሩሹን እንደመለስኩ፣ መጋረጃውን እገልጣለሁ።»

መነሻው በአንዲት ቅጽበት የሚጠናቀቅ ነገር ይሁን። «ከእራት በኋላ» ልል ነው፤ እራት መቼ አለቀ? ሰው ቁጭ ብሎ ያወራል፣ ቴሌቪዥን ይከፈታል፣ ሰዓቱ ይነጉዳል። «ሳህኑን መደርደሪያው ላይ እንዳስቀመጥኩ» ሲባል ግን አያሻማም። ሰዓቱም የእናንተ መሆን አለበት። ልጅ በሚያለቅስበት፣ አለቃ በሚደውልበት ሰዓት ላይ ልማድ አይተከልም።

ደረጃ 5፦ ቦታውን አመቻቹ

መጽሐፉ ከሶፋው አጠገብ ይቀመጥ። ጫማው በሩ ሥር ይደር። ለማድረግ የምትፈልጉት ነገር በእጅ የሚደረስ፣ ለመተው የምትፈልጉት ደግሞ ተነስታችሁ የምትሄዱበት ይሁን።

ስልክ ላይ ይህ በተለይ ይሠራል። ቻርጀሩ አልጋ አጠገብ ካለ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ «አንድ መልእክት ብቻ ልይ» ብሎ ማንሳቱ አይቀርም። መልእክቱ ወደ ቪዲዮ፣ ቪዲዮው ወደ ሌላ ቪዲዮ ይወስዳል፤ ቀና ሲባል 6 ሰዓት አልፏል። ይህን በራስ ላይ በመጮህ ማሸነፍ ከባድ ነው። ቻርጀሩን ሳሎን ሰኩትና ለጠዋት መነሻ ተራ የደወል ሰዓት ግዙ። ማንቂያ ደወል የሚለው ሰበብ ያኔ ይቀራል። ቤት ውስጥ የታመመ ሰው ስላለ ስልክ መስማት ያለባችሁ፣ ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ በሩን ገርበብ አድርጉት።

ደረጃ 6፦ ምልክት አድርጉ

ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የቀን መቁጠሪያ ይበቃል። ባደረጋችሁበት ቀን ላይ ጭረት አድርጉ። ብዛቱን ወይም ጥራቱን አትመዝግቡ፤ ተደረገ ወይስ አልተደረገም የሚለውን ብቻ። የሌላ ሰው ቀን መቁጠሪያ አትመልከቱ። ጓደኛችሁ ገና ሲነጋ ሮጦ የለጠፈው ፎቶ ስለ እናንተ ምንም አይናገርም። ማወዳደር ካማራችሁ ከአንደኛው ሳምንት ደብተራችሁ ጋር አወዳድሩ።

ደረጃ 7፦ ያመለጠውን ቀን እወቁበት

ቀን ያመልጣችኋል። ይህን አስቀድማችሁ ተቀበሉት፤ ከዚያ ቀጥሎ የምታደርጉት ነገር የልማዱን ዕጣ ይወስናልና።

«ልማድ በ21 ቀን ይያዛል» የሚባለውን ሰምታችሁ ይሆናል። በ22ኛው ቀን ገና እንደከበዳቸው ሲያዩ ብዙዎች እጅ የሚሰጡት በዚህ አባባል የተነሳ ነው። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዋ ፊሊፓ ላሊ እና ባልደረቦቻቸው 96 ሰዎችን ለ12 ሳምንት ተከታትለዋል። እያንዳንዱ ሰው አንድ ትንሽ ልማድ መርጦ ከአንድ የዕለት ሁኔታ ጋር አሰረ። ልማዱ ሳይታሰብ የሚደረግ እስኪሆን የወሰደው ጊዜ መካከለኛው 66 ቀን ነው። ከሰው ሰው ግን ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል ተብሎ ተሰልቷል። ስለዚህ በሁለተኛው ወርም መክበዱ የጤና ነው። ከዚሁ ጥናት ሌላ የሚያጽናና ነገር ተገኝቷል፦ አንድ ቀን መዝለል የልማዱን አያያዝ ይህን ያህል አይጎዳውም።

የሚጎዳው በተዘለለው ቀን ማግስት ለራሳችን የምንናገረው ነው። «አበላሸሁት፤ እንግዲህ ከሚቀጥለው ወር» የሚለው። አንድ ቀን ወር የሚሆነው እንዲህ ነው። ማይክል ዎል እና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2010 የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን አጥንተው ነበር። ለመጀመሪያው ፈተና ዛሬ ነገ እያሉ ሳያጠኑ ከቆዩት መካከል ራሳቸውን ይቅር ያሉት፣ ለሁለተኛው ፈተና ማዘግየታቸው ቀነሰ። ራስን መውቀስ ያነቃል ብለን እናስባለን። ወቀሳው ግን ሥራውን ራሱ አስፈሪ ያደርገዋል፤ የሚያስፈራንን ነገር ደግሞ እንሸሻለን።

ስለዚህ አሁን፣ ምንም ሳያመልጣችሁ፣ ለዚያ ቀን የሚሆን አረፍተ ነገር አዘጋጁ። ወዳጃችሁ ቢያመልጠው የምትሉትን ዓይነት። «ትናንት ልጁን ሐኪም ቤት አምሽተሃል፤ ዛሬ በሩን ስትቆልፍ ሁለት ገጽህን አንብብ።» የሆነውን በስሙ ይጠራል፣ አይሳደብም፣ ቀጣዩን እርምጃ ይናገራል። በቀን መቁጠሪያው ጀርባ ጻፉት። ያመለጠውን ለማካካስ ግን አራት ገጽ አታንብቡ፤ ዕዳ የሆነ ልማድ አይወደድም።

በተከታታይ ሦስት አራት ቀን ካመለጣችሁ ግን ራሳችሁን ትታችሁ እቅዱን መርምሩ። መነሻው ልል ነው? ሰዓቱ የሌላ ሰው ነው? ልማዱ ገና ትልቅ ነው? አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው። አስተካክሉና ቀጥሉ።

አንድ ነገር ለይታችሁ እወቁ። ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ አብዛኛውን ቀን ልባችሁ ከተሰበረ፣ ወይም ድሮ የምትወዱት ነገር ሁሉ ካስጠላችሁ፣ እንቅልፍና ምግብም ከተዛባባችሁ፣ ያ የልማድ ጉዳይ አይደለም። ወደ ሐኪም ወይም የአእምሮ ጤና ባለሙያ ሂዱ። በራስ ላይ ጉዳት የማድረስ ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ለምታምኑት ሰው በዚያው ሰዓት ተናገሩና ወደ ሕክምና ሂዱ።

ደረጃ 8፦ ሁለተኛውን መጨመር

የመጀመሪያው መቼ እንደተያዘ በአንድ ምልክት ታውቁታላችሁ፦ ስታደርጉት ሳይሆን ስትተዉት ይታወቃችኋል። በሩን ቆልፋችሁ መጽሐፉን ሳታነሱ ስታልፉ አንድ ነገር የጎደለ ይመስላችኋል። ያኔ ሁለተኛውን ጨምሩ።

ሁለተኛው እንደገና ከትንሹ ይጀምር። በመጀመሪያው ስለተሳካላችሁ በትልቁ ልትጀምሩ ትፈልጋላችሁ፤ አታድርጉት። የተያዘው ልማድ ራሱ ለአዲሱ መነሻ ሊሆን ይችላል፦ «ሁለቱን ገጽ አንብቤ መጽሐፉን እንደከደንኩ፣ የነገን ሥራ እጽፋለሁ።» ኑሮ ሲለወጥ፣ ቤት ስትቀይሩ፣ ሥራ ስትለውጡ ወይም ልጅ ሲወለድ፣ የድሮ መነሻዎች አብረው ይጠፋሉ። ያን ጊዜ አዲሱን ቤት አንድ ሳምንት ታዘቡና አረፍተ ነገሮቹን እንደገና ጻፉ።